ባለ ሦስት ፊደሉ መደብ

ዐሥር አለቃ ደረሰ ኤርሱሞ አሳልፌ አልሰጥም ያሉት አንዲት ቃል ነበረች፤ ሦስት ፊደል ብቻ ያላት ቃል፦ ፖሊስ። ዘመኑ ባለ መሬቱ መሬቱን፣ ባለ ትርፍ ቤቱ ቤቱን የሚያስረክብበት ዘመን ነበር፤ ብዙውም ሰው ወደደም ጠላም አስረክቦ፣ ማረጋገጫውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ዐሥር አለቃ ደረሰ ግን መሬትም ትርፍ ቤትም ስላልነበራቸው ዐዋጁ ሁሉ በደጃፋቸው እያለፈ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖሩ። በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ክረምት፣ ዕድሜያቸው ሃምሳ ሲሞላ፣ የእሳቸውም ተራ መጣ። የጡረታ ቅጽ ቀረበላቸውና ያችን ቃል ትተው «ጠባቂ» በምትል ሌላ ቃል ላይ እንዲፈርሙ ተጠየቁ። እምቢ አሉ።

የተወለዱት ከምባታ ውስጥ፣ ከዱራሜ ወዲያ ባለ መንደር ነው። አባታቸው ጭሰኛ ነበሩ። በ፲፱፻፶ ዓ.ም. ፖሊስ ሠራዊት ሲገቡ አማርኛ ገና አፋቸውን አልፈታላቸውም ነበርና «ተጠንቀቅ»ንና «አሳርፍ»ን ከ«እንደምን አደርህ» በፊት ያወቁ ሰው ናቸው እያሉ አብረዋቸው የሠለጠኑት ይሥቁባቸው ነበር። አማርኛው ኋላ ተቃንቶላቸዋል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ንግግራቸው አጭር ነበር፤ የሚያስፈልገውን ያህል ተናግረው፣ የቀረውን አድማጩ ይሙላው ብለው ዝም ይላሉ። ከፍ ያለ ጉዳት ያደረሰባቸውም ይኸው ቁጥብነታቸው ነው።

ይርጋዓለም ሰባት ዓመት ካገለገሉ በኋላ፣ በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ያን ጊዜ አዋሳ እየተባለች ትጠራ ወደነበረችው ከተማ ተዛወሩና በአውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተመደቡ። ማረፊያው ረጅም የሣር ሜዳ፣ አንድ የቆርቆሮ ቤትና የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀይና ነጭ ከረጢት የተሰቀለበት ምሰሶ ነበር። አውሮፕላኑ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል፤ ይመጣል ይባላል ማለት ይሻላል። ከመምጣቱ በፊት የመንደሩን ከብት ከሜዳው ማስወጣት፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ጠግበው መጥተው ሣሩ ላይ እንደ ሹም የሚንጎራደዱትን አባ ኮዳ የሚባሉ ረጃጅም አሞራዎች በፊሽካ ማባረር ያስፈልግ ነበር። ከመጣ በኋላ ደግሞ የተጓዡን መታወቂያ ማየት፣ ሻንጣ መፈተሽ፣ የተጣላን መገላገል፣ ያጠፋን ይዞ ቃሉን መቀበልና ለጣቢያ ማስረከብ አለ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ዐሥር አለቃ ደረሰ ብቻቸውን ነበሩ። የከተማው ሰው ግን ከአጥሩ ውጭ ሆኖ የሚያየው ላሞቹን ሲያባርሩ ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ሥራቸው የነበረው ግምት ከዚያ አያልፍም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሾፍባቸው በዕድሜ ጥቂት የሚያንሳቸው ወዳጃቸው፣ በፒያሳ የጨርቅ ሱቅ የነበረው ጠሀ ነው። ዐሥር አለቃ በብስክሌታቸው ሲያልፉ ከባንኮኒው ጀርባ ብቅ ብሎ፣

«ዐሥር አለቃ! ኧረ አንድ ነገር ያስረዱኝ፤ እርስዎ ነዎት አውሮፕላኑን የሚጠብቁት ወይስ አውሮፕላኑ ነው እርስዎን የሚጠብቀው?» ይላቸዋል።

«እኔ በሰዓቴ እገኛለሁ። የቀረውን እሱን ጠይቀው።»

«እሱማ ሰማይ ላይ ነው፤ ወላሂ፣ በምን መሰላል ወጥቼ ልጠይቀው?»

ዐሥር አለቃ ሳይሥቁ ፔዳላቸውን ረግጠው ይሄዳሉ። ጠሀ ይህን ቀልድ ከዓመት እስከ ዓመት ደግሞታል፤ በቀልዱ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ተቀብሮ እንደነበር ግን እሱም እሳቸውም አላወቁም።

በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ሁለት ሻንጣ አስይዞ ወደ አዲስ አበባ ሊሳፈር መጣ። ዐሥር አለቃ አንዱን ሻንጣ በበትራቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣

«ይከፈት» አሉ።

«አንተ ዘበኛ፣ እኔን ታውቀኛለህ?»

«አላውቅዎትም። ይከፈት ያልሁትም ለማወቅ ነው።»

ሲከፈት፣ በጨው የታሹ ሦስት የነብር ቆዳዎች በአልጋ ልብስ ተጠቅልለው ተገኙ። ፈቃድ አልነበረም። ሰውየው ፊቱ ቀልቶ፣ «ዘበኛ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚይዘው?» ብሎ ጮኸ።

«ዘበኛ አይደለሁም፤ ፖሊስ ነኝ። ቁጥሬም አራት መቶ ዐሥራ ሰባት ነው። ሲከሱኝ እንዳይጠፋብዎ ይጻፉት።»

ሰውየው አልከሰሰም፤ ተከሰሰ እንጂ። ስድስት ወር ተፈረደበት፤ በፍርዱ ወረቀት ላይም «የአውሮፕላን ማረፊያው ፖሊስ ዐሥር አለቃ ደረሰ ኤርሱሞ በሰጡት ምስክርነት» የሚል ቃል ሰፈረ። ዐሥር አለቃ የዚያን ወረቀት ግልባጭ ለምነው ወስደው በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ፣ በምሳሌና በመክብብ መካከል፣ አጣጥፈው አኖሩት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በማረፊያው ላይ የያዙትን ሰው ሁሉ ስሙን፣ ቀኑንና ጥፋቱን በአንድ ጥቁር ደብተር ይጽፉ ነበር፤ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ስም ሞላ። ላሞቹን አልጻፏቸውም።

ደመወዛቸው ከፖሊስ ወጥቶ ወደ ማረፊያው ጽሕፈት ቤት የተዛወረው በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ነው። ለአሠራር እንዲመች ነው ተባለ፤ ማዕረጋቸውም ሥራቸውም እንዳለ ስለቀጠለ ብዙም አላሰቡበት። በ፲፱፻፷፱ ዓ.ም. ደግሞ በየዓመቱ ከፖሊስ ዕቃ ግምጃ ቤት ይመጣላቸው የነበረው ካኪ ልብስ ቀረ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ስለነበረ፣ «በረሃ ያለው ወታደር ይቅደም» ብለው ዝም አሉ። በዚያው ዓመት ጽሕፈት ቤቱ ለዘበኞችና ለአትክልተኞች ያደለውን ግራጫ ካፖርት ለእሳቸውም ሰጣቸው። ተሳስተው ነው አሉና አንድ ቀን እንኳ ሳይለብሱት አጣጥፈው ከቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀሉት። ከጠሀ ሱቅ ካኪ ጨርቅ ገዙ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርሃነሽም የድሮውን ልብስ በስፌቱ ፈትታ፣ ልኩን ወስዳ፣ ኪሱንና የትከሻ ማንገቻውን ሳይቀር እንደነበረ አድርጋ ሰፋችው። ዐሥር አለቃ የነሐስ ቁጥራቸውን በአመድ ወልውለው ደረቱ ላይ ሰኩት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ እንዲሁ ሆነ። በማረፊያው የሚያልፍ ሁሉ የመንግሥት ፖሊስ አየሁ ይል ነበር፤ ያየው ግን የወይዘሮ ብርሃነሽን ስፌት ነው።

ነገሩ የተገለጠው በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ሐምሌ ነው። የፖሊስ መምሪያው የሃምሳ ዓመት ዕድሜ የሞላቸውን የበታች ሹማምንት ስም ዘርዝሮ ሲያሰናብት የእሳቸውም ስም ተገኘበት፤ እሳቸውም ሥራቸውን አስረክበው የጡረታ ጉዳያቸውን ለማስጨረስ ወደ ማረፊያው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊው ጓድ ጉልላት ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ጠረጴዛው ንጹሕ፣ ጠባዩም ክፉ ያልሆነ ሰው ነበር። ማኅደሩን ገልጦ ብዕሩን አነሣ።

«ጓድ ደረሰ፣ መደብዎን ይንገሩኝ።»

ዐሥር አለቃ ቀና ብለው ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጭቁን ገበሬ። አባቴ ጭሰኛ ነበሩ። በውይይት ክበብም ተመዝግቧል።»

«እሱን አይደለም፤ የሥራ መደብዎን ማለቴ ነው።»

«እሱንማ ለብሼው መጥቻለሁ። ፖሊስ።»

ጉልላት ማኅደሩን አዙሮ ወደ እሳቸው ገፋው። በቢጫ ቅጽ ላይ፣ ደስ በሚል የቁም ጽሕፈት፣ «የሥራ መደብ፦ አውሮፕላን ጠባቂ» ይላል። ዐሥር አለቃ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት፤ አውልቀው ጠረጉትና ደግመው አነበቡት።

«ይህ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት፤ ስምዎ ከላይ አለ።»

«ስሙ የእኔ ነው። ሰውየው ግን ሌላ ነው።»

ጉልላት በትዕግሥት አስረዳቸው። ፖሊስ ከሆኑ፣ በ፲፱፻፶ ዓ.ም. ከገቡበት ቀን ጀምሮ ያገለገሉት ሁሉ ተይዞላቸው በሃምሳ ዓመታቸው ይወጣሉ። ጠባቂ ከሆኑ ግን ገና ናቸው፤ እስከ ሃምሳ አምስት መሥራት አለባቸው፤ ይርጋዓለም ያገለገሉት ሰባት ዓመትም ከሌላ መሥሪያ ቤት ነውና አይደመርም። ያሰናበታቸው መምሪያ ፖሊስ ናቸው ይላል፤ ጡረታቸውን የሚያሰላው ማኅደር ደግሞ ጠባቂ ናቸው ይላል። ስለዚህ ወደ ሥራቸው እንዳይመለሱ ተሰናብተዋል፤ ጡረታ እንዳይወጡ አልደረሱም።

«ታዲያ እኔ አሁን ምንድን ነኝ?» አሉ ዐሥር አለቃ።

«በመካከል ነዎት፣ ጓድ።»

«በመካከል የሚባል መደብ አለ?»

ጉልላት ፈገግ አለ። ማን እንደጻፈው ሲጠይቁት፣ በስልሳ አራት እሱ ገና ተማሪ እንደነበረ፣ ቅጹን የሞሉት በጡረታ የተገለሉት የመዝገብ ሹም አቶ ሽበሺ እንደሆኑ ነገራቸው።

አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሲደርሱ ወይዘሮ ብርሃነሽ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። የመኪናዋን እጀታ ሳትለቅ ሰማቻቸው።

«እና ምን ፈረምህ?»

«ምንም።»

«ደረሰ፣ ልጆቹ ራሳቸውን ችለዋል፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ዕረፍት ነው። ቃሉን ስጣቸው። እኔ እቤት ውስጥ ፖሊስ እያልሁ እጠራሃለሁ፤ ከፈለግህም ጠዋት ጠዋት ሰላምታ እሰጥሃለሁ።»

«አንቺ የሰፋሽውስ? ያ ልብስ ምን ሊባል ነው? የዘበኛ ልብስ?»

መኪናዋ ቆመች። ወይዘሮ ብርሃነሽ በምስማር የተንጠለጠለውን ካኪ ቀና ብላ አየችው፤ ያን የትከሻ ማንገቻ ለማቅናት ስንት ጊዜ ፈትታ እንደሰፋችው የምታውቀው እሷ ነበረች።

«እሱንስ ልብስ ዘበኛ አይለብሰውም» አለች። ቀጥላም፣ «ሂድና ያንን ጸሐፊ ፈልገው» ብላ እጀታውን ማዞር ጀመረች።

አቶ ሽበሺ ታቦር ተራራው ሥር፣ በዘይቱን ዛፎች መካከል ባለ ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው። ዐሥር አለቃ ገና «ጤና ይስጥልኝ» ሲሉ፣ «የአውሮፕላኑ ሰውዬ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉላቸው።

«አቶ ሽበሺ፣ በስልሳ አራት ቅጼን ሲሞሉ ‹ጠባቂ› ብለው ጽፈዋል። ማን ነገረዎት?»

«እርስዎ።»

«እኔ?»

«እርስዎ እንጂ! እንደ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ቅጹን ይዤ ሜዳው ድረስ መጣሁ። እርስዎ አንገትዎን ወደ ላይ አቅንተው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ‹ዐሥር አለቃ፣ ምንድን ነው የሚሠሩት?› አልሁዎት። ሳይዞሩ፣ ‹አውሮፕላን እጠብቃለሁ› አሉኝ። ጻፍሁ።»

ዐሥር አለቃ «እጠብቃለሁ» ብለው ለራሳቸው ደገሙት። አማርኛ፣ ዘብ ቆሞ የሚያድረውንም፣ የሚመጣውን ተስፋ አድርጎ የሚቆየውንም በአንድ ቃል «ይጠብቃል» ይላል። ለእሳቸው ቋንቋው የተማሩት እንጂ አብሯቸው ያደገ አልነበረም፤ ከሁለቱ ፍቺ የትኛው በሰሚው ጆሮ እንደሚገባ ሊያስቡ ጊዜም ምክንያትም አልነበራቸውም።

«አውሮፕላኑ ዘግይቶ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ዝናብ መጥቶ ነበር፤ ከብቱ እየተመለሰብኝ ነበር። እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው ማለቴ ነበር። አሁን አያነጋግሩኝ ማለቴ ነበር!»

«ታዲያ ‹እስኪመጣ› የምትለዋን ለምን ዋጧት?»

«እርስዎስ የለበስሁትን አይተው አይጽፉም ነበር?»

«የመዝገብ ሹም የሚጽፈው የሰማውን ነው፤ ያየውን የሚጽፍ ሌላ ነው» አሉ አቶ ሽበሺ፤ ነገር ግን ድምፃቸው እየላላ ሄደ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ጽሕፈት ሲኮሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በመጨረሻ ወረቀትና ቀለም አስመጥተው፣ የመስመሩን መነሻ ዐሥር አለቃ በጣታቸው እያሳዩዋቸው፣ የሆነውን ሁሉ ያን ጊዜ በጻፉበት እጅ ጻፉ። ፊደሎቹ ጥቂት ተንጋደዋል፤ ቢሆንም ከቢጫው ቅጽ ጋር አስተያይቶ የአንድ ሰው ጽሕፈት አይደለም የሚል አይገኝም ነበር። «እነሆ» አሉ፤ «ይህ ሳይቃና ዕረፍት አላገኝም፤ ለምስክርነት ቢጠሩኝም እመጣለሁ።»

ጉዳያቸውን እንዲያይ በጽሕፈት ቤቱ የተቋቋመው ኮሚቴ የተሰበሰበው በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ሰብሳቢው ጉልላት ነበረ፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ጓድ ሞገስ በቀኙ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ወይዘሪት ወንጌላዊት በግራው ተቀምጠዋል። ዐሥር አለቃ ካኪያቸውን ለብሰው፣ የነሐስ ቁጥራቸውን ሰክተው ገቡና ሦስት ነገሮች ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፦ የፍርዱን ግልባጭ፣ የአቶ ሽበሺን ደብዳቤና ጥቁሩን ደብተር።

የፍርዱ ወረቀት የሌላ መሥሪያ ቤት ነው ተባለ። የአቶ ሽበሺ ደብዳቤ ከጡረታ በኋላ የተጻፈ ነው ተባለ። ደብተሩ የራሳቸው ጽሕፈት ነው ተባለ። ሞገስ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበርና፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጓድ ደረሰ፣ ይህን የለበሱትን ልብስ የትኛው ግምጃ ቤት ነው የሰጠዎት?» አላቸው።

«ባለቤቴ ሰፋችው።»

«እንግዲያውማ ፖሊስ ያደረገዎት መንግሥት ሳይሆን ባለቤትዎ ናቸዋ!»

ወንጌላዊት ሣቋን ለመደበቅ አጎነበሰች። ሞገስ ግን ቀልዱን በዚያ አላበቃም፤ ፖሊስ ያልሆነ ሰው የፖሊስ ልብስ መልበሱ በሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑን ሊያስታውሳቸው ወደደ። ዐሥር አለቃ ያን ጊዜ አንገታቸውን ወደ እሱ አዙረው፣ አንድ አዲስ ነገር እንደሰማ ሰው አዩት።

ጉልላት ነገሩን ሊያበርድ ፈለገ። ለቀናት ሲያስብበት የቆየውንም መንገድ ያን ጊዜ አቀረበ። የጉልበታቸው ሕመም በሐኪም ወረቀት የታወቀ ነው። «ጠባቂ» በሚለው ላይ ከፈረሙ፣ በሕመም ምክንያት አሁኑኑ ጡረታ እንዲወጡ ይደረጋል፤ የይርጋዓለሙ ሰባት ዓመትም እንዲደመርላቸው እሱ ራሱ ጽፎ ያስወስናል። ከፖሊስ ጡረታ የሚጎድላቸው ጥቂት ነው። በአንድ ወር ውስጥ ያልቃል። ባይፈርሙ ግን ጉዳዩ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ፣ ምን ተብሎ እንደሚመለስም የሚያውቅ የለም፤ እስከዚያው ደመወዝም ጡረታም የለም።

«ከልቤ ነው የምለምንዎት፣ አባቴ» አለ፤ «ጓድ» ማለቱን ረስቶ። «አንድ ቃል እኮ ናት። ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም?»

ይህ ደግ ሐሳብ ነበር፤ ዐሥር አለቃም ደግ መሆኑን ዐውቀዋል። ብዕሩን አንሥተው አዩት፤ መልሰውም በቀስታ አኖሩት። ተነሥተው ቆሙና መልሳቸውን ሰጡ። ሲጨርሱ ወደ ወንጌላዊት ዞረው፣

«ልጄ፣ የጻፍሽውን አንብቢልኝ» አሉ።

ወንጌላዊት አነበበች፦ «ተጠያቂው በቀረበላቸው ሐሳብ ያልተስማሙ መሆናቸውን ገልጸዋል።»

«እንዲህ አላልሁም።»

«ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፣ አባባ።»

«ፍሬ ነገሩን አንድ ጊዜ ጽፈውልኝ ነው እዚህ የደረስሁት። ሰርዢው፤ ከአፌ እንደወጣ ጻፊው።»

ጉልላት በእጁ ምልክት ሰጣት። ዐሥር አለቃ መልሳቸውን ቃል በቃል፣ በየዐረፍተ ነገሩ እየቆሙ፣ ደገሙት፤ ወንጌላዊት ጻፈች፤ ሦስት ጊዜ አስነበቧትና አንዲት «ም» ጎድላ አገኙ፤ እሷንም አስገቡ። ከዚያም የጡረታውን ቅጽ ባዶውን ትተው፣ በቃለ ጉባኤው ግርጌ ላይ ስማቸውን፣ ማዕረጋቸውንና ቁጥራቸውን ጽፈው ፈረሙ።

ማኅደሩ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ዐሥራ አራት ወር ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቤቱን ያኖረው የወይዘሮ ብርሃነሽ መኪና ነው፤ ጠሀ ያገኘውን የስፌት ሥራ ሁሉ ወደ እሷ ይመራ ነበር። ዐሥር አለቃ አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ካኪያቸውን ለብሰው፣ ብስክሌታቸውን ከማረፊያው አጥር ላይ አስደግፈው፣ ከውጭ ሆነው ይቆማሉ። ከብት ሜዳው ላይ ሲቀር ካዩ በአዲሱ ዘበኛ ላይ ፊሽካ ይነፉበታል። ልጁ ደበሌ ይባላል፤ ግራጫ ካፖርቱን ለብሶ ይሮጣል፤ አንድ ቀንም «እሺ፣ ዐሥር አለቃ!» ብሎ ሲመልስላቸው ተሰምቷል። ጠሀም በበኩሉ የድሮ ቀልዱን አልተወም።

«ዐሥር አለቃ፣ አሁንስ ምን እየጠበቁ ነው?»

«ወረቀት።»

«እስኪመጣ ነው ወይስ እንዳይሰረቅ?»

ጠሀ እንደነገረን፣ ዐሥር አለቃ በሃያ ዓመት ውስጥ በእሱ ቀልድ ሲሥቁ ያያቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ደብዳቤው በ፲፱፻፹ ዓ.ም. ኅዳር መጣ፤ አራት መስመር ነበር። አገልግሎታቸው ከ፲፱፻፶ ዓ.ም. ጀምሮ እንዲታሰብ ያዝዛል፤ በሦስተኛው መስመር ላይም «የሥራ መደብ፦ ፖሊስ» ይላል። ምክንያት አልተጻፈበትም። ጉልላት ራሱ ብስክሌት ተውሶ አዲስ ከተማ ድረስ ወሰደላቸው። ዐሥር አለቃ አንብበው፣ አጣጥፈው፣ ከፍርዱ ግልባጭ ጋር በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አኖሩት። ወይዘሮ ብርሃነሽ ከመኪናዋ ተነሥታ፣ ቃል በገባችው መሠረት፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሰላምታ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም በወጉ መለሱላት።

ከደብዳቤው ጋር ቃለ ጉባኤው አብሮ ተመልሶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ያየው ሰው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ብቻ በሁለተኛው ገጽ ላይ ያለችውን አንዲት አንቀጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀይ እርሳስ አስምሮባታል። ጉልላት «ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም?» ሲላቸው ዐሥር አለቃ ቆመው የሰጡት፣ ወንጌላዊትም ሳትጨምር ሳትቀንስ የጻፈችው መልስ ይህ ነው፦

«ጓድ ሰብሳቢ፣ እኔ ዘበኛ ከሆንሁ፣ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ የያዝኋቸውን አርባ ሦስት ሰዎች የያዝኋቸው ያለ ሥልጣን ነው። ስማቸው ደብተሩ ላይ አለ፤ አንድ በአንድ ፈልጋችሁ ይቅርታ ጠይቁልኝ። ለነብር ቆዳው ሰውዬም ቆዳውን መልሱለት፤ የፈረደበት ዳኛም ፍርዱን ይቅደድ። ይህን ስትጨርሱ ደግሞ ጓድ ሞገስ እንዳለው ነው፤ ዘበኛ ሆኜ የፖሊስ ልብስ መልበሴ ወንጀል ነውና እኔን አስሩኝ። አልሸሽም፤ ጉልበቴንም ያመኛል። ሰው የሚያስር ግን ፖሊስ ነው፤ በዚህ ማረፊያ ደግሞ ከእኔ በቀር ፖሊስ ኖሮ አያውቅም። እኔ ራሴን አላስርም፤ ዘበኛ ብዬም አልፈርምም።»